ባለ ሰዓቱ እጅ

ቤቶች!... እንዴት ዋልሽ እታለም? ኧረ ተይ፣ አትነሺ! በዚያ ጉልበትሽ ለእኔ መነሳት ምን ይሉታል? ተሻለሽ ግን? እኔማ ይኸው አለሁ። በዚህ ሳልፍ በርሽን ክፍት ባየው እግሬ አላልፍም አለኝ። ትንሽ አረፍ ብዬ ልሂድ። ሻይ እንኳ አልፈልግም... ካፈላሽው ግን እሺ፣ ስኳሩን እንደ ልማድሽ አታብዢብኝ።

መጋረጃ ቀየርሽ አይደል? አቤት ሲያምር! ቴሌቪዥኑንም ከመስኮቱ ዳር አንስተሽዋል። ጥሩ አደረግሽ፣ ፀሐይ ይጎዳዋል። የሚሰበሰበውም ሰው መቼስ እንደ ድሮው አይደለም...

በር ላይ ያለው ጫማ የማን ነው? እንዴት ያለ ጫማ ነው በይ! በዚህ ሰፈር አልፎ ጭቃ ሳይነካው ቤት የገባ ጫማ ዛሬ ገና አየሁ። የእንግዳ ይሆናል። አልጠይቅሽም፤ ሰው ቤት ገብቶ ጫማ ማየት ጠባዬ አይደለም። የመኝታ ቤቱን በር ተይው፣ አትዝጊው እታለም፣ ገርበብ ይበል። ንጹሕ አየር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ምራትሽ ተኝታለች? ትተኛ። ወሯ የገባ ሴት እንቅልፍ ካገኘች ምን ትፈልጋለች? ባለፈው ሆዷን ስዳብሳት ሕፃኑ ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ነገም።

ከየት መጣሽ አትዪኝም? ከጤና ጣቢያው። የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ ለዘበኛው አስረክቤ መምጣቴ ነው። ከተዘጋ ወዲህ ዕቃ ስሸክፍ ከርሜ ዛሬ ገና አለቀልኝ። አልጋውም፣ የሕፃናት ሚዛኑም ተጭኖ ወንዝ ማዶ፣ ዋናው ሆስፒታል ሄደ። እኔ ይህችን መቀስ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ስንት እትብት ቆርጣለች መሰለሽ! ጡረታዋን ከእኔ ጋር ትውጣ ብዬ ነው።

መቀሷን ሳያት አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራልሽም። ሐሜት አልወድም፤ ደግሞም እናቱን ከልቤ ነው የምወዳት። ደግ ሴት ናት፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ሻይ ላይ ስኳር ታበዛለች።

እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ፣ ሥራውንም ገና መጀመሬ ነው። ከሕፃኑ ምኑ ቀድሞ ታየ መሰለሽ? እጁ! ጭንቅላቱ ገና ወደ ኋላ ቀርቶ እጁ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ብቅ አለ። ምን ተጠይቆ እንደሆነ እንጃ... ብቻ እስማማለሁ የሚል ይመስል ነበር። በስንት ልፋት ወጣ፣ እትብቱንም በዚህችው ቆረጥኩ። ሕፃኑ ግን ጭጭ! እኛ አዋላጆች፣ ታውቂ የለ፣ ልጅ ሲወለድ እጅ አንጠብቅም፣ እግር አንጠብቅም፤ የምንጠብቀው ድምፁን ነው። ጀርባውን አሸት አሸት፣ ውስጥ እግሩን መታ መታ ሳደርገው ነው በመከራ አንዴ "እኝ" ያለው። እናቱም እኔም በደስታ አለቀስን። ያን ቀን የሰማነውን ሰማን እንግዲህ... ከዚያ ወዲህ የሰማው ሰው ካለ ይንገረኝ።

አደገ፣ ተማረ፣ ተመረጠ፣ ምክር ቤት ገባ። ጨዋ ነው! ከአፉ ክፉ አይወጣም። ደግም አይወጣ... እሱን ተይው። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ይኸው ከተመረጠ ጀምሮ አንድም ቀን አልነቀዘም። ሌሎቹ ሲጯጯሁ፣ "ማብራሪያ ይሰጠን" እያሉ አፈ ጉባኤውን ሲያደክሙ፣ እሱ ማንን አስቸግሮ ያውቃል? የሚደግፉ ሲባል ማንሳት፣ አመሰግናለሁ ሲባል ማውረድ። ስብሰባ አይቀርም፣ ሰው አያስመሽም። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ይጠላል?

አንድ ቀን ብቻ ተቃወመ ተብሎ ሰፈሩ ደንግጦ ነበር። ነገሩ ሲጣራ፣ "የሚደግፉ" ሲባል ያነሳውን እጅ ገና ሳያወርድ "የሚቃወሙ" ተብሎ ኖሮ፣ ሁለቱም ጋ ተቆጥሯል። ሚዛናዊ ሰው ማለት ይህ አይደል? ይህም አይከፋው፣ ያም አይከፋው።

እናቱ ደግሞ በስብሰባው ዕለት ቴሌቪዥኗን መስኮት ዳር ታስቀምጣለች። ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሹን ላጭቶ፣ ጨርቁን ከአንገቱ ሳይፈታለት አስከትሎት ይመጣል። አንቺም እዚያ የነበርሽ መሰለኝ... ከፊት ነው የምትቀመጪው። መቼም ፊቱን ለማየት አልታደልንም፤ ከእሱ ፊት የሚቀመጠው ያ ትከሻ ሰፊ ሰውዬ ይጋርደዋል። እጁን ግን ማን ሊጋርደው! ያቺ ወርቅማ ሰዓት ከሰውዬው ትከሻ በላይ ብልጭ ስትል እናቱ "መጣ! መጣ!" ትላለች፣ እኛም እናጨበጭባለን። አንድ እጅ አያጨበጭብም ያለው ማን ነበር? ይኸው አንድ እጅ ቤት ሙሉ ሰው ሲያስጨበጭብ ኖረ።

ለምዶብን ነው እንግዲህ። ያን ቀንም አጀንዳው ይነበባል፣ ማን ይሰማል? ሁሉም ዓይኑን ተክሎ ሰዓቷን ይፈልጋል። አነስተኛ የማዋለጃ ክፍሎች ተዘግተው ሥራቸው ወደ ዋናው ሆስፒታል ይጠቃለል... የሚደግፉ? ብልጭ! "መጣ!" እኛም ጨብ ጨብ ጨብ። ፀጉር አስተካካዩማ በፉጨት አደመቀው። የገዛ ሰፈሩ ማዋለጃ ሲዘጋ በጭብጨባና በፉጨት የሸኘ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ቀድማ ማጨብጨብ ያቆመችው የእሱ ሚስት ናት። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ አድርጋ አወረደችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው። "ምኑን ነው ያጨበጨብነው?" አለች። እናቱ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው... ያ ቤት ዝምታ ያውቅበታል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ይህ ተረት የገባኝ ያን ቀን ነው። ለካ እጅ ሽቅብ ሲነሳ ብብት ይከፈታል! ቆጡ ላይ ያለውን እሱ ያውቃል፤ ከብብቱ የወደቀውን ግን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

ከሕዝብ ራቀ ያለ ግን እግዜር ይይለት። አይርቅም! ያቺ የማዋለጃ ክፍል ስትመረቅ ማን ሆነና የመጣው? ለሪባኑ የተገዛው መቀስ አልቆርጥ ብሎ ጨርቁን ሲያኝክ፣ ካሜራው ሲጠብቅ፣ ይህችን ከኪሴ አውጥቼ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የገዛ እትብቱ በተቆረጠበት መቀስ ሪባን ቆረጠ። በኋላ ቀቀልኳት... ለሌላ አይደለም፣ የሥራው ደንብ ነው። ንግግሩን ያነበበለት ጸሐፊው ነው፤ ጉሮሮውን አሞት ነበር ተባለ። እሱ አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ አንድ ጨቅላ አቅፎ ፎቶ ሲነሳ ሕፃኑ ሱፉ ላይ ሸናበት። ያኔ ደነገጥን። አሁን ሳስበው ግን፣ ከሁላችንም አርቆ ያየው ያ ሕፃን ነበር። በማግስቱ ፎቶው "ለእናቶች ጤና ቅድሚያ እንሰጣለን!" ተብሎበት በየስልኩ ዞረ። እንዲያውም የራሱ ፎቶ ያለበት የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶናል። ዛሬ ስወጣ አላወረድኩትም። ባዶውን ክፍል ፈገግ ብሎ እያየ ይሠራል። ቢያንስ ፎቶው መራጮቹን አልከዳም።

ድልድዩንስ ረሳሽው? ጎርፍ የወሰደውን? የመሠረት ድንጋዩን ያስቀመጠው እሱ አይደል? ድንጋዩ ደህና ነው፣ ሳልፍ አየዋለሁ፤ ፍየሎች ወጥተው ፀሐይ ይሞቁበታል። የቀረው ድልድዩ ብቻ ነው። እስከዚያው ዋናው ሆስፒታል የሚደረሰው ድንጋይ በሚፈለጥበት ኮረብታ ዞሮ፣ በዚያ ሁሉ ጠጠር ላይ ተንገጫግጮ ነው። የመካኒኩ ሚስት ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ተገላገለች። ተመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ረዳቱ ለሕፃኑ ሒሳብ አልጠየቀም አሉ። ሰፈሩም "ተሳፋሪው" ብሎ ስም አወጣለት። እንስቃለን፣ ምን እናድርግ? የሚቀጥለው ተሳፋሪ የማን ልጅ እንደሆነ እስክናይ ድረስ እንስቃለን...

ማን ነው ያሳለው? ምራትሽ ናት? የወንድ ሳል መሰለኝ። እንግዳሽ ይሆናል። ጉሮሮውን እየጠረገ ከሆነ እሰየው! ሐሙስ ጉሮሮ የሚፈለግበት ቀን ነው። ሰምተሻል አይደል? የሰፈሩ ሽማግሌዎች ክፍሉ ይከፈትልን ብለው ያስገቡት አቤቱታ ሐሙስ ምክር ቤት ይደርሳል። ታዲያ የአካባቢው ተመራጭ ተነስቶ "ይህ የእኔ ሰዎች ጥያቄ ነው" ካላለ፣ ሳይታይ ይታለፋል አሉ። ሌላ ምንም አይፈለግበትም። እጅ ማንሳት እንኳ የለበትም፤ እጁን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጎ ብድግ ማለት፣ አንዲት ቃል መተንፈስ፣ መቀመጥ። አልጋው በሄደበት መኪና ይመለሳል። ዘበኛውም ቁልፉን እስከ ሐሙስ ከኪሴ አላወጣውም ብሎኛል።

እኔ ግን ለሰውዬው አዝናለሁ። ቀላል ይመስልሻል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አፋፍ ላይ የቆመ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፊ ትከሻ ተከልሎ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ከነፊቱ ይታይ? የሞቀ ወንበር ትቶ? ለማን ብሎ? ምጥ እሱን አይዘው...

በይ ልነሳ። ሻይሽ ጥሩ ነው፣ ስኳሩን ብቻ አበዛሽው፣ ልክ እንደዚያች እንደነገርኩሽ ሴት! ኧረ አትከፊ፣ ጨዋታ ነው። ምራትሽ ስትነሳ ስሚልኝ። ምጧ ሲጀምር ጥሩኝ፣ በየትኛውም ሰዓት እመጣለሁ፤ ክፍል ባይኖረኝ እጅ አለኝ። የእኔ እጅ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ ወደ ታች ነው የሚሠራው።

ቆይ፣ ሳልመርቅማ አልወጣም። እጅሽን ዘርጊ። በሩም እንዳለ ይሁን፤ ምርቃት ለእንግዳም ይደርሳል።

ለዚያ ሰው ሹመቱን ያዳብርለት። ክንዱ አይዛልበት፣ ሰዓቱም ከእጁ አትጥፋ። ላንቺ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ምራትሽን ፈጣሪ በሰላም ያገላግላት፤ በዚያ በጠጠሩ ላይ መንገዱን ያሳጥርላት። የልጅ ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ፤ መልኩም፣ ጨዋነቱም የአባቱን ይሁን... ብቻ አደራ እታለም፣ ሲወለድ ከእጁ በፊት ድምፁን ያሰማሽ።