ዋርካው ሥር

ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ አንድ ቄስና የልጃቸው መምህርት ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ልጅዎ በየወሩ አራት ቀን ትቀራለች።»

«ኧረ በጠዋት ደብተሯን ይዛ ትወጣለች።»

«ትወጣለች። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ስትደርስ ግን ዋርካው ሥር ቁጭ ትላለች። በወር አበባዋ ጊዜ እንዳትገባ ከልክለዋት የለ?»

«ቤተ ክርስቲያን አልሁ እንጂ ትምህርት ቤት መቼ አልሁ?»

«መንገዱ በቅጥሩ ውስጥ ነዋ።»

«በዙሪያው አትሄድም?»

«ዙሪያውን ሐይቁ ሞልቶ ይዞታል።»

«እንግዲያ ቅጥሩ ራሱ... እንጃ። የኔታን ልጠይቅ።»

«ፈተናው ነገ ጠዋት ነው፣ አባቴ። ካልመጣች ክፍሉን ትደግማለች። ዛሬም ዋርካው ሥር ናት።»

«የኔታ ደሴቱ ላይ ናቸው፤ ጀልባው ከፈተናው በኋላ፣ ገና ዓርብ ነው የሚመጣ።»

እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በወር አበባዬም ቀን ሳይቀር፣ ያንኑ ቅጥር አቋርጬ እንደተማርሁ አስታውሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።