ከሰማይ የታየው ጓሯችን

«እነዚህ ሁለት ሴቶች እነማን ናቸው?» አለኝ ፈረንጁ በአስተርጓሚው በኩል፤ ንግግሩ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሰውየው የማንም ተቀጣሪ አይደለም፤ በረሃ ለበረሃ እየዞረ፣ አገሩንም ከአይሮፕላን ላይ እያነሳ ፎቶውን ለጋዜጦች ይሸጣል። የእኛን ከተማ አዳማን ካነሳ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው ቤታችንን ፈልጎ የመጣው። ፎቶውን ሳየው ክው አልኩ። በጓሯችን አንዲት ሴት ወደ ሰማይ አንጋጣ ቆማለች። እኔ ነኝ!

አይሮፕላኑ በላያችን ያለፈ ቀን ገና አራስ ነበርኩ። አማቴ ሊያርሱኝ ምርኩዛቸውን ይዘው ከደራ መጥተው፣ «ፀሐይ ላይ ከወጣሽ ጥዬሽ አገሬ እገባለሁ» ብለውኛል። እናት የለኝም፤ እሳቸው ከሄዱ ከነሕፃኑ ብቻዬን መቅረቴ ነው። ግን የአይሮፕላኑ ድምፅ ሲመጣ ዞር ብል እሳቸው ቤት ውስጥ የሉም። አላስቻለኝም፤ በጓሮ በር ወጣሁ።

አማቴ ፎቶውን ከእጄ ወሰዱት። ጓሮውን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ሄደና ቆመ። እዚያም አንዲት ሴት አንጋጣለች፤ ጥላዋ ከነምርኩዟ መሬቱ ላይ ተጋድሟል። አራስን ብቻዋን ትቶ መውጣት ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

«ጎረቤቶች ናቸው በለው» አሉት አስተርጓሚውን፣ ኮስተር ብለው። «ሥራ ፈት ሁላ!»

ፈረንጁ ፎቶውን ትቶልን ሄደ። እኔም በርጩማዬን ወደ አማቴ አስጠጋሁና፣ ሌላ ማን ወጥቶ እንደነበር ከየሰዉ ጓሮ አብረን መፈለግ ጀመርን።