ከአልጋ ሥር የተቆለፈው መዶሻ

ወይዘሮ ለተመድህን የታመመ ልጃቸውን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያጥቡና ሲያጎርሱ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያላቸው ሰው የለም። ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ሁሉ ወረቀቱን ይሞላል፣ ፊደል እንዳልቆጠሩ ሲሰማ ምንም ሳይጠይቃቸው ይሄዳል። እናም አንድ ቀን ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ሲጠብቁ አንዲት ወጣት ቀርባ «እማማ፣ ልጅዎ ፍትዊ እንዴት ነው?» ስትላቸው ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ነገር ግን የሰፈራቸው ግንበኛ ገብረተንሳኤ አጠገባቸው ቆሟል። ለሰፈሩ ደግሞ «ልጄ ውቅሮ ሥራ ይዟል» ያሉት እሳቸው ናቸው።

«ተሳስተሻል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ወጣቷ ሥርጉት ትባላለች። የአእምሮ ሕመም ያደከመው ሰው የዕለት ኑሮውንና ሥራውን መልሶ እንዲይዝ ቤት ለቤት እየዞረች የምትረዳ ባለሙያ ናት። ፍትዊን ያየችው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ስህተቷ ስለገባት በማግስቱ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤታቸው መጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አደይ። በሰው ፊት መጠየቅ አልነበረብኝም።»

«አደይ ማለትን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ነው ያስተማረሽ?»

«እናቴ ማለት መሆኑን ያስተማሩኝ ቤት ያከራዩኝ እናት ናቸው።»

«ይሁን፣ ተቀመጪ። መድኃኒቱን እንደሆነ አላጓደልኩበትም።»

«ደግ አድርገዋል፣ እሱ ይቀጥላል። እኔ የመጣሁት ስለ ቀኑ ልጠይቅዎ ነው። ፍትዊ ከነጋ እስከ መሸ ምን ይሠራል?»

«እኔ እያለሁለት ምን ሊሠራ? አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ የጫማውን ክር እንኳ የማስረው እኔ ነኝ።»

«ማሰር ያቅተዋል?»

አሮጊቷ አስሞክረውት አያውቁም።

«ዋይ፣ ጓለይ፣ ልጄ! ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ጎልማሳ ሰው ጫማ ሲያስር ለማየት ነው?»

«ከዚያም ይጀመራል» አለች ሥርጉት እየሳቀች። «ከሕመሙ በፊት ሙያው ምን ነበር?»

«ድንጋይ ጠራቢ። እሱ የጠረበው ድንጋይ ሲገጥም መሃሉ ጥፍር አያስገባም።»

«መዶሻውስ?»

መዶሻውና መሮው ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው አልጋቸው ሥር ናቸው። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለእብድ መዶሻ ይሰጣል?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«በነዚህ ሰባት ዓመታት ሰው መትቶ ያውቃል?»

«ልጄ? በድመት ላይ እንኳ እጁን አንስቶ አያውቅም!»

«ታዲያ የሚፈሩት ማንን ነው?»

ይህን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ። ፍትዊ ሁሉን ሰምቷል።

«አደይ፣ ሳጥኑ የት እንዳለ አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ስትተኚ ቁልፉን ጨብጠሽ ነው የምትተኚው። እንዳትፈሪኝ ብዬ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

ለተመድህን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። በሰው ያፈሩበት ልጅ፣ እብድ ያሉት ልጅ፣ ለካ የእሳቸውን ፍርሃት ሲያስታምም ኖሯል። ቁልፉን ፈትተው እጁ ላይ አኖሩት።

ሥርጉት አላቻኮለችውም። መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ገላውን በራሱ እንዲችል አደረገች። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እናቱን ሁለቴ የጣለውን የደጃፉን ደረጃ በአዲስ ጥርብ አስቀየረችው። መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብቻ የሚውልበት ክፉ ቀን ነበር፤ እሱንም ታገሠችው። በሦስተኛው ወር ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት ያገኘው ፍትዊ በጊዜ ይተኛ፣ የመድኃኒቱንም ሰዓት እሱ ራሱ ያስታውስ ጀመር። ለጉዳይ ወጥተው እየተጣደፉ ይመለሱ የነበሩት እናቱም ያለ ሥጋት ቅዳሴ ቆመው ተመለሱ። ልጅን ከሰው መደበቅ ከራሱም መንጠቅ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዱት።

አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ገብረተንሳኤ ወደሚገነባበት ሄዱ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ ውቅሮ አልሄደም። ታሞ ጓዳዬ ነበር፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ፣ ነውሩም የእኔ ነው። አሁን መጥተህ ደረጃዬን ታያለህ። ጥርቡ ካላማረህ ዝም ብለህ ተመለስ። ካማረህ ግን ሰኞ እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ ባሉበት፣ የሚጠርበውን ድንጋይ ታቀብለዋለህ። የለተመድህን እብድ ብለህ እንዳትጠራው! ፍትዊ በለው።»