ጀርባ የሚያሞቅ ግድግዳ

— ሄሎ... አቤት... ማን ልበል? ... ውይ፣ ጩጬ፣ አንተ ነህ እንዴ? ቁጥርህን መች አየሁት፣ እጄ እርጥብ ነው። ... ደህና ነኝ። እናንተስ? ልጆቹ? ... ጉንፋኑ ለቀቃቸው? ... እሰይ።

— ጩጬ አትበይኝ ትላለህ ደግሞ። ሽበት አወጣህ እንጂ አላደግክም። እኔ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ምን ልበለው?

— ምን አደርጋለሁ፣ እረፍቴ አይደል። ላውንደሪው ዛሬ ዝግ ነው። ኩሽና ነኝ፣ ወተት ጥጄ። ቆይ ላውድ ላድርግህ... ስኳር ጣሳው ላይ ላስደግፍህ... እንዲህ። ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... እኔም እሰማሃለሁ።

— ብርዱማ ልክ የለውም። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ በእጄ ጠርጌ ሰው አያለሁ። ሁሉም ከዣንጥላው ጋር እየታገለ ይሮጣል፣ እኔ ደግሞ በካልሲ ቆሜ ወተት አማስላለሁ። ... አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ማን ያየኛል ብለህ ነው?

— ሳቅ፣ ሳቅ። ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ብነግርህማ። የምለብሰውን ቀሚስ ተኮስኩና ከነትኩሱ ለበስኩት። ሹራቡንም፣ ሻርፑንም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስተኩስ ለራሴ አንድ ቀን ትኩስ ለብሼ አላውቅም እኮ። ባደግንበት ቤት ሁሉ ነገር ተራ ነበረው፤ የመታጠቢያ ተራ፣ የመኝታ ተራ። አሁን አልጋዬ መሃል ላይ ነው የምተኛው። ዳቦም ስቆርጥ ጫፉን ነው የምበላው፣ ሁለቱንም ጫፍ። ድሮ ላንተ አልነበር የሚቀመጠው? ... አሁን መሃሉ ይድረቅ።

— ኡ... ተረት አታምጣብኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል? ማን ነው ተሰብስቦ የሞተው?

— ... ምን አልክ? ... ጎን ቤት? የማን ጎን ቤት?

— ... እዚህ? አሁን? አዋላጇ ጎረቤቴ ቤት ውስጥ ነህ?

— ማን ከፈተልህ? ... ዘበኛው። ... አከራዩ ለአዲስ ተከራይ መስመሩን እይልኝ ብሎህ። ጩጬ፣ በከተማው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠፍቶ ነው አንተ የተጠራኸው? አንተው ነህ ልየው ብለህ የለመንከው።

— ሚስትህ ናት የነገረችህ። ሌላ ማንም የለም። ለሷ መንገር ለሬዲዮ መንገር ነው፣ ጥፋቱ የኔ።

— እሺ። ከሰማህ ምን እደብቅሃለሁ። ከአዋላጇ ጋር የሚያዋስነን ግድግዳ ይሞቃል። ወንበሬን አስጠግቼ ሻዬን ይዤ ስደገፍ ጀርባዬን ያሞቀኛል። ከትከሻ እስከ ወገብ፣ እዚያ ብቻ። ከዚያ ውጭ ያለው ግድግዳ በረዶ ነው። ... የማሞቂያ አይደለም። የቧንቧም አይደለም። ስማ፣ ስለ ሙቀት እኔን አታስተምረኝ፣ ካውያ ይዤ ነው ያረጀሁት። የካውያ ሙቀት ይለበልባል። የፀሐይ ላይ ላዩን ነው። ይሄ ግን... ደንበኛ መጥቶ ኮቱን እዚያው ባንኮኒው ላይ አውልቆ ሲሰጥህ፣ ገበሩ ውስጥ የሚቀር ሙቀት አለ አይደል? እሱ ነው። የሰው።

— ... ሄሎ? እየሰማኸኝ ነው?

— ዛሬማ እረፍቴ ስለሆነ ከለመድኩት ሰዓት ቀድሜ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነበር። በቃ ቀርቷል ብዬ ሻዬን ፉት አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ ወገቤ ላይ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ትከሻዬ ላይ። አሮጌ ሰው ሲቀመጥ አይተህ የለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደገፈው። ... ወደ ግራ ጠጋ አልኩ። ተከተለኝ።

— እፈራለሁ ወይ? ... እውነቱን ልንገርህ? እፈራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሻዩን ጭኔ ላይ ደፍቼ ነው ብድግ ያልኩት። ግን ያንተን ቤት የበለጠ እፈራለሁ። ... አትቀየመኝ። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ኮቴን ባነሳሁ ቁጥር የት ልትሄጂ ነው እባላለሁ። እወዳችኋለሁ። ከሩቅ ስሆን ደግሞ የበለጠ እወዳችኋለሁ።

— ልጆች ሆነን አንድ ፍራሽ ላይ ስንተኛ ታስታውሳለህ? እኔ ጫፍ ላይ፣ አንተ ከኔ ቀጥሎ። ፊቴ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባዬ ግን ባንተ ጀርባ ይሞቃል። እንደዚያ ነው ስልህ። መጥፎ ነገር እንደዚያ አያሞቅም።

— አንተ ደግሞ ቀስ በል! ... አይ፣ ወተቱን ነው። ከፍ እያለብኝ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ከእቃው ጋር ያወራል፣ አንዱ ደስታ እሱ ነው። የሚመልስልህ የለም።

— ሴትዮዋን? አይተሃታል እኮ። ያን ዕለት ደረጃው ላይ፣ ትንሽዬ፣ ፀጉሯ ነጭ። "ይሄን ረጅም ማን አዋለደው?" ያለችህ። ... እሷ። ብዙም አላወራንም። እሷም ብቻዋን፣ እኔም ብቻዬን፣ ሁለታችንም ለምደነው ነበር። ከሥራ ስገባ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ ገብቻለሁ ማለት ነው። እሷ አንዴ ትመልሳለች፤ ሰማሁሽ፣ እረፊ ማለት ነው። ጉርብትናችን ይሄው ነበር። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ወሬ አያሳልፍም፣ ማንኳኳት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ... አንድ ቀን አልመለሰችልኝም። ደገምኩ። ዘበኛውን ጠራሁት። ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

— ወንበሩ አሁንም አለ? ... እቃው ሁሉ ወጥቶ እሱ ብቻ። ... ግድግዳው ጋ? ... እዚያው ይሁን። አታንቀሳቅሰው። ... ጩጬ፣ አታንቀሳቅሰው አልኩህ።

— ምን? ... ገባኝ። ቤቴ የተከራየው በስምህ ነው፣ አውቃለሁ። ... የሙቀቱን ምክንያት ካገኘህ እዚሁ እኖራለሁ፣ ካላገኘህ ሻንጣዬን ይዤ አንተ ቤት። ... ዛሬውኑ? ነገ አይሆንም? ... እሺ። ግን ካገኘህ ዳግመኛ ነይ አትለኝም። ቃልህ ነው? ... በእማዬ በል። ... እሺ፣ ፈልግ።

— ... ቧንቧ የለም። ... ሽቦም በዚያ በኩል አያልፍም። ... ጭስ ማውጫም የለም። ... ግድግዳውስ ከአንተ በኩል? ከወንበሩ በላይ ዳብሰው። ... በደንብ ዳብሰው። ... ቀዝቃዛ።

— ቆይ፣ ሻንጣ ሻንጣ አትበለኝ። አንድ ነገር ስማኝ። ሸሚዝ ስተኩስ ሙቀቱ ከጨርቁ አልፎ ጠረጴዛውን ያሞቀዋል አይደል? እኔስ ቁጭ ብዬ ስደገፍ ግድግዳውን የማሞቀው ራሴ ብሆንስ? የራሴ ጀርባ ተመልሶ እያሞቀኝ? ... ሊሆን ይችላል አልክ? አየህ። እንሞክረው። እኔ ሄጄ ወንበሬ ላይ ልደገፍ፣ አንተ በዚያ በኩል እጅህን ለጥፍ። ከሞቀህ የኔ ነው፣ ምክንያቱ ተገኘ። ... እሺ፣ ልሄድልህ ነው።

— ውይ፣ ወተቱ! ... ገነፈለ... ምድጃው ላይ ሁሉ። ቆይ አንዴ፣ ሁለቱም እጄ ድስቱ ላይ ነው። መወልወያዬ የት ገባ? ... ጩጬ? ገና አልተቀመጥኩም፣ ጠብቀኝ። ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— ... እ፣ አለህ? ስልኩን መሬት አስቀምጠህ ነበር? ... ምንም አልሰማህም። ... አይ፣ ምንም አላልኩም።

— ... ሞቀህ?

— ... አሁን? እጅህ ስር? ... ከትከሻ እስከ ወገብ። ... አይ፣ እኔ እኮ ገና...

— ... ምንም። ገና መደገፌ ነው ልልህ ነው። ቶሎ ሞቀልህ።

— አንተ ነህ አሁን ሁለቴ ያንኳኳኸው? ... ሰማሁት። ... እና?

— ... አንዴ ተመለሰልህ።

— ... አለሁ። አልተቋረጠም፣ አለሁ። ... አዎ፣ እኔ ነኝ። ታዲያ ሌላ ማን ይመልስልሃል? ... ድምፄ ምን ሆነ? ... ብርዱ ነው።

— ይኸው ነገርኩህ እንግዲህ። የራሴው ጀርባ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። በእማዬ ብለሃል፣ አደራ። ሻንጣዬ አልጋ ስር ይቆያል። ... እኔም እወድሃለሁ። ከሩቅ።

— ሻይማ ና ጠጣ ልልህ ነበር። ግን ልጆቹ ይጠብቁሃል፣ ዝናቡም ሳይብስብህ። ወተቱም አብዛኛው ምድጃው ላይ ቀረ፣ የተረፈው ለሁለት ብርጭቆ ነው። ... ለአንድ። ለአንድ ነው ያልኩት።

— ጩጬ... ስትወጣ ያን ወንበር እንዳለ ተወው። አዲሱ ተከራይም እንዳያነሳው ለዘበኛው ንገርልኝ። ... እንዲያው ነው። አሮጌ ወንበር ሲጎተት ወለል ይጭራል።

— ቤት ስትገባ ሁለቴ አስጠራና ዝጋው። ገብቻለሁ ማለት ነው። እኔ አንዴ እመልስልሃለሁ። ... አዎ፣ ካሁን ወዲህ እንደዚያ እናድርግ። ጥሩ ነገር ነው። ሰው ሳይጨቀጨቅ አለሁ ይባባላል።

— ... መጣሁ፣ መጣሁ። አትነሺ፣ እኔው አመጣልሻለሁ።

— ... ማንን ነው? ማንንም። ከእቃ ጋር አወራለሁ አላልኩህም? ... ብርጭቆውን ነው። ... አዎ ጩጬ። ብቻዬን ነኝ። ... በል ደህና አምሽ፣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው።