ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ

ከእጃጂ ወደ አምቦ በሚሄደው አውቶቡስ፣ አንዲት ወጣትና «አዳዳ» የምትላት የአባቷ እህት ከኋላዬ ተቀምጠዋል።

«አዳዳ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቤት ብሆን ምን አለበት?»

«የተጠየቀችው ልጅ ቤት ቁጭ ብላ? የት አገር ታይቶ! አባትሽ መልስ ሰጥቶ እስኪሸኛቸው እኔ ጋ ትቆያለሽ።»

«ምን ብሎ ይመልሳል?»

«እሺ ነዋ! ልጁ አስተማሪ፣ አባቱ የቀበሌ ሊቀመንበር። ምን ጎደለው?»

«እሱማ ምንም አልጎደለው።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»



«ነርስ ልሁን ስል የእማዬ ምኞት ነው። አዲስ አበባ ልኑር ስል የጓደኛዬ። የራሴን ስፈልግ አጣዋለሁ።»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ካላወቅሽ እሺ ማለት ነዋ።»

«ካላወቅኩ እንዴት እሺ ይሆናል?»

«ሽማግሌ ‹አላወቅኩም› የሚል መልስ ይዞ አይመለስም!»

«ነገ ይመለሳል። እኔው ፊታቸው ቆሜ ‹ገና አላወቅኩም፣ ጊዜ ስጡኝ› እላለሁ። ይኸው፣ የምፈልገው ጊዜ ነው። ጉደር ደርሰናል አይደል? ከዚህ ወደ እጃጂ እመለሳለሁ። ወራጅ አለ!»

«አበድሽ? ሻንጣሽስ?»

«አንቺ ጋ ይቆይ።»

«አባትሽ ይገድለኛል!»

«እንግዲያው አብረሽኝ ውረጂ።»

አውቶቡሱ ሲቆም፣ ልጅቷ እንድታልፍ መተላለፊያውን የዘጋውን ዘንቢሌን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።