ካርታው ላይ መጋዘን የተባለው ቤት

ጤና ይስጥልኝ! ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። ጋሼ እንዲሰሙኝ ብዬ ሆን ብዬ በቀኛቸው በኩል ቆሜያለሁ። ግራ ጆሯቸው ከሳቸው ሃያ ዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ጋሼ እዚህ ቢሮ የመጡ ቀን እኔ በር ላይ ነበርኩ። የካርታ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ወር አልሞላኝም። አንድ ረጅም ሰውዬ ጥቁር ሳጥን ተሸክመው መጡ። ጥበቃችን፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ዝንብ ሳይፈትሽ አያስገባም፤ ሳጥኑን አስከፈታቸው። ውስጡ ግራጫ ፀጉር ያለው ድብልብል ነገር ተኝቷል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ማይክሮፎን ነው።"

"ማይክሮፎን ፀጉር የለውም።"

"ይሄኛው አለው። ነፋስ እንዳይረብሸው ነው የለበሰው።"

"ጋሼ፣ እኔ እዚህ በር ላይ አስራ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ድመት አይቼ አውቃለሁ!"

በዱላው ጫፍ ነካ ነካ እያደረገው ሳለ የያኔው ዳይሬክተራችን እየሮጡ ወረዱ። "ኧረ ተዋቸው! የምንጠብቃቸው የድምፅ ባለሙያ እኮ ናቸው!" አሉና በግራ በኩል መጥተው፣ "እንኳን ደህና መጡ!" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ሳጥናቸውን ዘግተው፣ እጁ እንደተዘረጋ፣ ምንም ሳይሉ ደረጃውን ወጡ። ምሳ ሳይደርስ ወሬው ቢሮውን አዳረሰው፦ "አዲስ የድምፅ ባለሙያ ተቀጥሯል፤ አይሰማም።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ኖረነዋል። እርሳሳቸውን በግራ ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ፤ "እሱም ሥራ ይኑረው" ይላሉ። ስብሰባ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ማን ብዙ እንደሚያወራ ነው፤ ከዚያ ያ ሰው በግራቸው እንዲውል አድርገው ወንበር ይመርጣሉ። የግዢ ኃላፊያችን አስር ዓመት ሙሉ በግራቸው ተቀምጠው፣ "እንደሳቸው በጥሞና የሚያዳምጠኝ የለም" ሲሉ ኖሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኃላፊ፤ ዛሬ ማወቅ ነበረብዎት።

ባለቤታቸውንም እዚህ ስላገኘኋቸው አንድ ነገር ላውጣ። ቤታቸው ውስጥ ሲከፈት የሚያቃስት በር አለ። እመቤቴ፣ "ዘይት ጠብ አድርግበት" ቢሏቸው፣ ጋሼ መለኪያቸውን አምጥተው በሩን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉና፣ "ከተፈቀደው በታች ነው" አሉ። በሩ እስከ ዛሬ ያቃስታል። ነው ወይስ አይደለም? ይኸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

እንግዲህ ስቀናል። አሁን የሸንተረሩን ነገር ላንሳ። አዲሶቹ ልጆች በወሬ ነው የምታውቁት፤ የምታውቁትም ወሬ ልክ አይደለም።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሸንተረሩ ላይ ስድስት የነፋስ ተርባይኖች ቆመው ነበር። ኩባንያው አስራ ስምንት ልጨምር ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። የአካባቢ ጥናቱን መርምሮ ይሁን አይሁን የሚለው የኛ ቢሮ ነው። ከሸንተረሩ ሥር ያለው ሰፈር ግን ለተቃውሞ ተነሳ። ራሳችንን ያመናል፣ እንቅልፍ አጣን፣ ገደሉ ላይ የሚያድሩት ትላልቅ ወፎች ያልቃሉ ብለው ሁለት መቶ አርባ ሰዎች ፈርመው አቤቱታ አስገቡ። እኛስ? ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ኮምፒውተሩ አስልቶ፣ "በየትኛውም መኖሪያ ቤት ላይ ጉልህ ጉዳት አይደርስም" ብሎናል። ካርታውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ የፈረሙት ጋሼ ናቸው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ መስኮት ላይ የተቀመጡ ነበሩ። የኩባንያው ሰው በፕሮጀክተር ሥዕል እያሳየ፣ "የተርባይኑ ድምፅ ቤታችሁ ካለው ማቀዝቀዣ አይበልጥም" አለ። ይሄኔ አንዲት ልብስ ሰፊ ከመሀል ተነሳች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው።

"ወንድሜ፣ ማቀዝቀዣዬ ሲያስቸግረኝ ከሶኬት እነቅለዋለሁ። ያንተን ከየት ልንቀለው?"

አዳራሹ ተናጋ። ዳቦ ጋጋሪው ተነስቶ፣ "ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ! በተርባይኑ ነው!" አለ። የተቃውሞው መሪ የነበሩት ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ጠረጴዛ ደበደቡ። ጉድ ፈላ። በዚያ መሀል ጋሼ ተነሱና፣ "የባሰበት ማን ቤት ነው?" ብለው ጠየቁ። እጅ ያላወጣ አልነበረም። "እሺ፣" አሉ፣ "ሁላችሁም ቤት እመጣለሁ።" የኩባንያው ሰው ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

በማግስቱ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ጀመርን። ሳጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶበታል። ሻይ አቀረበችልን፤ ግን ሰዓት ሰዓት ታያለች። ወደ አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ ወረደችና ከተርባይኑ ክንፎች ኋላ ገባች። ክፍሉ ጨለም አለ፤ በራ፤ ጨለመ፤ በራ። ግድግዳው፣ ጨርቁ፣ የሴትየዋ ፊት፣ ሁሉም አንዴ ይጠፋል አንዴ ይመጣል።

መርፌና ክር አነሳችና ለጋሼ ሰጠቻቸው። "ያስገቡልኝ እስቲ።"

ጋሼ ሞከሩ። ክሩ ቀዳዳው አጠገብ ሲደርስ ጥላው ይመጣል። ሦስቴ፣ አራቴ ሞከሩና ለኔ አቀበሉኝ። ዓይኔ ደህና ነው፤ እጄም አይንቀጠቀጥም። ጣቴን ወጋሁት እንጂ ክሩን አላስገባሁትም። ሴትየዋ አልሳቀችም። "እኔ በዚህ ሰዓት በየቀኑ እንዲህ ነኝ" አለች። "አስራ አንድ ሰዓት እስኪሆን እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ራሴን ይፈልጠኛል። ለማን ልናገር? 'ነፋስ ጠላሽ' ይሉኛል።"

ጋሼ ካርታውን ዘረጉ። "ይሄ ቤት የታለ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቤቱ ካርታው ላይ አለ። ግራጫ ሆኖ፣ ከላዩ "መጋዘን" ተብሎ ተጽፎበታል። መጋዘን ውስጥ ሰው አይኖርም፤ ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩ አይቆጥረውም። ድሮ እውነትም መጋዘን ነበር፤ መስኮት አውጥተው ቤት ያደረጉት እሷና ባሏ ናቸው። እኔ የሠራሁት ከድሮ የአየር ላይ ፎቶ ነው። ከፎቶው በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ድረስ ሄጄ እያንዳንዱን ቤት ማየት ነበረብኝ። ቅጹ ላይ "በአካል ታይቷል" የሚል ቦታ አለ። ምልክት አድርጌበታለሁ።

ጋሼ ሴትየዋ ፊት አላሳፈሩኝም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የጠየቁኝ።

"ሄደህ አይተሃል?"

"አላየሁም፣ ጋሼ።"

"ለምን?"

"ዝናብ ነበር።"

እኔ በቀኛቸው ነው የተቀመጥኩት፤ ስለዚህ የልቤን ምት ሳይሰሙ አልቀሩም። ቢሮ ደርሰን ሲወርዱ በሩን ያዝ አድርገው፣ "ነገ ጠዋት ጃንጥላ ይዘህ ና" አሉኝ።

ሦስት ሳምንት፣ ስልሳ አንድ ቤት። አንድም ሳንዘል በየበሩ አንኳኳን። መጋዘን የተባሉ ሌሎች ሁለት ቤቶች አገኘን፤ አንደኛው ውስጥ አራስ ነበረች። አራት ቤት ውስጥ ድምፁ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የቀሩት በታች ናቸው። የዳቦ ጋጋሪውም ቤት ሄድን። ጋሼ መለኪያውን እንኳ ሳያወጡ የዶሮ ቤቱን ዞረው አዩና ተንበረከኩ። ከኋላ በኩል የክንድ ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው የእንቁላል ቅርፊት ነው። "ወንድሜ፣" አሉት፣ "ዶሮዎችህ ይጥላሉ። ሸለምጥማጡ ነው የሚቀድምህ።"

ከዚያ ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ፤ ያው አዳራሽ ነው። ሁለቱም ወገን ጋሼን በጉጉት ነው የጠበቀው፤ ሁለቱንም አስከፏቸው። ለኩባንያው፣ "ሦስት ቤት ሳንቆጥር ቀርተናል፤ አራት ቤት ድምፁ በዝቶበታል፤ የገደሉ ወፎች የሚመላለሱት ደግሞ ሦስት ተርባይን ልታቆሙ ባሰባችሁበት መስመር ነው" አሉት። ወደ ሰፈሩ ሰዎች ዞረው፣ "ራስ ምታታችሁ እውነት ነው፤ አምናችኋለሁ። የሁላችሁም ከተርባይኑ ነው ብዬ ግን አልፈርምም፤ የማላውቀውን አልጽፍም" አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ብድግ አሉ። "እኛ እኮ ከኛ ወገን ነዎት ብለን ነበር!"

"ከናንተ ወገን ስለሆንኩ ነው። ዛሬ አንዲት ውሸት ብጨምርላችሁ፣ ነገ ያቺን አንዷን መዝዘው እውነታችሁን ሁሉ ይጥሉባችኋል።"

ርዕሰ መምህሩ ቁጭ አሉ። የኩባንያው ሰው ግን አልለቀቀም። "ሦስት ቤት መጋዘን ተብሏል። ስህተቱ የማን ነው?"

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። በዚያው ወር ኮንትራቴ ይታደሳል። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯ ነው። ጋሼ ወደኔ አልተመለከቱም።

"ፊርማው የኔ ነው" አሉ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

ውጤቱን ታውቃላችሁ። ከአስራ ስምንቱ አስራ አንዱ በታቀዱበት ቦታ ተፈቀዱ፣ አራቱ ከሰፈሩ ራቁ፣ በወፎቹ መስመር ያሉት ሦስቱ ተሰረዙ። ለልብስ ሰፊዋ የሚቀርበው የድሮው ተርባይን ፀሐይ ከኋላው ስትገባ ራሱ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ጠይቄያታለሁ። "አሁንም አልወደውም" አለችኝ። "መልኩም አያምረኝም። ግን ከአስር ሰዓት ተኩል በኋላ እሠራለሁ። ያንን ሰውዬ ሰላም በልልኝ።" ሰላም ብላዎታለች፣ ጋሼ።

የጋሼ ውጤት ግን ሌላ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ሊሰጣቸው የነበረው የመምሪያ ኃላፊነት አለፋቸው። ኮሪደር ላይ ደግሞ ሰው ስም አወጣላቸው፤ "መጋዘን መጣ፣ መጋዘን ሄደ" ይባል ጀመር። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ብላችኋል፤ ጥፋቱ የሳቸው መስሏችሁ ነው፤ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን እውነቱን እያወቅሁ አብሬ ስቄያለሁ።

ደብዳቤው የደረሳቸው ቀን ቢሯቸው ገብቼ፣ "ጋሼ፣ ልናገር" አልኳቸው። እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው፣ "ሚስትህ መጀመሪያ በሰላም ትገላገል። ከዚያ ትናገራለህ" አሉኝ።

በሰላም ተገላገለች። ልጄ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት።

የታለፉበትን ወንበር ከሦስት ዓመት በኋላ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው "እንኳን ደስ ያለህ" ባይ እሳቸው ነበሩ። እጄን ሲጨብጡኝ፣ አሁን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ወንበሩ ወገብ ያሳምማል፤ ትራስ ግዛ" ብቻ ነው ያሉኝ።

ጋሼ፣ አንድ ጊዜም አላስታወሱኝም። በዓይንዎ እንኳ አልወቀሱኝም። እንዲያውም ያ ነው የከበደኝ። ስለዚህ ዛሬ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ ባሉበት፣ ያሙዎት ሁሉ ባሉበት እናገራለሁ፦ እነዚያን ቤቶች መጋዘን ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላይ "አይቻለሁ" ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙም ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፤ ኮሪደር ላይ የምትጠሩት ካላችሁ፣ እዞራለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ ደብዳቤው ከመዝገብዎ እንዲወጣ በስሜ ጽፌ አስገባለሁ። ወረቀቱ አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ የሚፈርመውም ትክክለኛው ሰው ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ኧረ ቁጭ ይበሉ፣ አይነሱ፤ ካቀፉኝ ንግግሩን አልጨርሰውም።

የምሠራውን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ መምሪያችን ውስጥ አንድም ሠራተኛ ደጁን ሳያንኳኳ ቤት አይመዘግብም። ይሄ ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ግን ማንም አይዘለውም። ከዚህ በኋላም እርስዎ የሉም ብለን አንዘለውም። ይህንን ቃል አፌን ሞልቼ እሰጥዎታለሁ።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሱ፤ ብርጭቆ አንሱ። ጥበቃችንም በሩን ትተህ ግባ፤ ዛሬ የሚፈተሽ የለም።

ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሐይቅ ዳር ከልጅዎ ጋር ሊኖሩ መሆኑን ሰምተናል። ውሃው ያማረ፣ ጎረቤቱ ደግ ይሁንልዎ። ከእመቤቴ ጋር ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። የልጅ ልጆችዎ ትከሻዎ ላይ ይውጡ፤ ያደክሙዎት እንጂ ሐዘን አያድክምዎ። ስንናፍቅዎት እንመጣለን፤ ሲናፍቁን ይምጡ። እንኳን በሰላም ለዚህ ቀን በቁ።

ለጋሼ ጤና!