የአቶ ጅብሪል መኪና ከፍ ስለማለቷ

የምስክር ቃል
ስም፦ ረዲያ ሳቢት
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ
አድራሻ፦ ጭሮ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ አቶ ጅብሪል አደም በመካኒኩ አሰግድ ላይ ያቀረቡት አቤቱታ

ሱቄና የአሰግድ ጋራዥ በአንድ ቆርቆሮ ብቻ የተለያዩ ናቸው። በዚያ በኩል የሚባለው ሁሉ በዚህ በኩል ይሰማል። አቤቱታ አቅራቢው አቶ ጅብሪል ላንድክሩዘራቸውን ለፍሬን ሸራ ቅያሪ ትተው ወደ ሚኤሶ ሄደው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ ደወሉ። አሰግድ እጁ በግሪስ ስለተነከረ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጎማ ላይ አስቀመጠው። አቶ ጅብሪል በኦሮምኛ "እሑድ ልጄን ሑዘይፋን እድራለሁ፤ እስከ ሐሙስ መኪናዋን" ካሉ በኋላ አንድ ቃል ተናገሩ። ጉዳዩ ያ ቃል ነው። "ኦል ካኢ" ከሆነ አስቀምጥልኝ ማለት ነው። "ኦል ካሲ" ከሆነ ከፍ አድርጋት ማለት ነው።

መርማሪው የትኛውን እንደሰማሁ ጠይቀውኛል። የሰማሁት "ኦል ካ" ድረስ ነው። እዚያ ላይ የብረት መቁረጫው ጮኸ። የቀረውን በላው። "ካኢ" ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ያሰብኩት ግን የሰማሁት አይደለም። ይህን ስለይ ሰነበትኩ።

አሰግድ ወዲያው ወደ ሱቄ መጥቶ ለፊት ጠንካራ ሞላ፣ ለኋላ ወፍራም ባሌስትራ፣ ለአራቱም እግር ረዘም ያለ አሞርዛተር ጠየቀኝ።

"አስቀምጥ ብለውህ እንዳይሆን" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! የመሰላ መንገድ ድንጋይ ሆዷን ፈጃት እያሉ ስንት ዘመን አለቀሱ? ለሠርጉ ከፍ አድርጋት ነው ያሉት" አለኝ።

ሸጥኩለት። የድሮው ሞላ ሲወጣ አየሁት፤ ተኝቶ የቀረ ነበር። አዲሱ ሲገባ መኪናዋ አራት ጣት ያህል ከፍ አለች። ደስ አለኝ። ደስታዬ ስለ ሽያጩ ይሁን ስለ መኪናዋ ዛሬም አላውቅም።

ሐሙስ አቶ ጅብሪል መጡ። በመኪናቸው አጠገብ አልፈው መኪናቸውን ፈለጉ። "አሰግድ፣ የኔዋስ?" አሉ። አሰግድ በእጁ አሳያቸው።

"አቦ! ይቺ ግመል ናት!" ብለው ጮኹ። "እናቴ በምን ትወጣባታለች፣ በመሰላል? አስቀምጥ አልኩህ እንጂ ስቀል መቼ አልኩህ?"

ያለፈቃዴ ንብረቴን ነካብኝ ብለው ያኔውኑ ወደ ፖሊስ ሄዱ። አሰግድ ከዚያ ወዲያ መፍቻ አልጨበጠም። አቤቱታው ከጸና ጋራዡ ይዘጋብኛል ብሎ ፈርቷል። እኔም ከቆርቆሮው ማዶ የጋራዡ ድምፅ ጠፍቶ ሲቀር ታየኝ።

እሑድ ጠዋት ሌላ መኪና ስለጠፋ አቶ ጅብሪል ሙሽራዪቱን ነስሪንን ለማምጣት በዚያችው መኪና ወደ መሰላ ተነሡ። ከወንዱ ወገን ሴቶች ጋር ተጠርቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። እናታቸው ወ/ሮ ዙለይኻ በርጩማ ተደርጎላቸው ከፊት ወጡ። ከተቀመጡ በኋላ ግን "የሰው ጓሮ ሁሉ ይታየኛል" ብለው ረኩ።

መሰላ ሳንደርስ አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም መቀመጫችንን ጨበጥን። የአቶ ጅብሪል መኪና ሁልጊዜ ሆዷን የሚመታት ድንጋይ በዚያ ነው። ተሳፋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ "ቢስሚላህ" ብሎ ጥርሱን ይነክሳል። ነከስን። ጠበቅን። ድምፁ አልመጣም። ማዶ ነበርን።

"ድንጋዩን ማን ወሰደው?" አሉ ወ/ሮ ዙለይኻ።

እልልታው ያኔ ፈነዳ። አቶ ጅብሪል ወርደው ድንጋዩን አዩት፤ በቦታው ነበር። ተመልሰው ገቡና ወደ ኋላ ተሻገሩ። እንደገና ወደ ፊት። እንደገና።

"ሙሽራዪቱ ትጠብቃለች እኮ!" አልናቸው።

"ትጠብቅ! እኔ ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ!" አሉ።

መሰላ ስንደርስ ዘመድ ሁሉ መኪናዋን ከበበ። አቶ ጅብሪል እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው "እኔ ነኝ ያስነሣኋት! በስልክ 'ኦል ካሲ' አልኩት፣ አነሣት!" አሉ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ መቁረጫ አልነበረም። በደንብ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ሐሙስ አስቀምጥ አልኩ ሲሉ፣ እሑድ ከዚያው አፍ አንሣ አልኩ ሲሉ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ያሉትን አላውቅም። አሰግድን ለመጥቀምም ሆነ ለመጉዳት አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

ይህን ቃል እየሰጠሁ ሳለ ውጭ ክላክስ ተነፋ። በመስኮት ሳይ አቶ ጅብሪል መሪ ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸው ከጣቢያው አጥር በላይ ይታያል። አጠገባቸው አሰግድ አለ፤ ይስቃል።

"ረዲያ፣ ገና ነሽ? የወንድሜ መኪና ሞላ ትፈልጋለች፣ ሱቅሽ ዝግ ነው!" አሉ። ለመርማሪውም "'ኦል ካሲ' ነው ያልኩት፤ ጻፉት!" አሉ።

መርማሪው "ይህ የእሷ ቃል ነው፣ የእርስዎ አይደለም" አሏቸው።

"እንግዲያው ከእሷ ሥር አስፈርሙኝ" ብለው ሞተር ሳያጠፉ ወረዱ።

የተጻፈው ተነቦልኝ ያልኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያልሰማሁትን ሰማሁ አላልኩም፤ በዚህም እፈርማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ረዲያ ሳቢት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ፊሊጶስ

ከሥር በአቶ ጅብሪል አደም እጅ የተጨመረ፦ አቤቱታዬንም አንሥቻለሁ። (ፊርማ)